ከቃለ መሐላው በኋላ፣ ከጉዞው በፊት

(የመክፈቻ ሙዚቃ፦ ማሲንቆ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በብልባላና በዙሪያዋ፣ በላሊበላ ከተማ፣ በሰቆጣ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በጋሸና ያላችሁ፤ እንዲሁም ከባሕር ማዶ በስልካችሁ የምትከታተሉን የላስታ ልጆች፣ ይህ ዝግጅት ለእናንተ ነው።

ዛሬ ስለ ፓስፖርት እንነጋገራለን። የትኛው ፓስፖርት? ልጃችን ከዚህ ሲወጣ ይዞት የሄደው አይደለም። እዚያ ዓመታት ኖሮ፣ የሰው አገር ዜግነት ተቀብሎ፣ ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣው ፓስፖርት ነው። ብዙ ልጆቻችን በዲቪም፣ በቤተሰብም፣ በስደትም የሄዱት ወደ አሜሪካ ስለሆነ ምሳሌያችንን ከዚያ እናደርጋለን።

«እኛ ብልባላ ተቀምጠን የአሜሪካ ፓስፖርት ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም። በደንብ ያገባናል። «አባትህ ደክመዋል፣ ቶሎ ድረስ» ብለን የምንደውለው እኛ አይደለንም? «ለገና ካልመጣህ እንቀየማለን» የምንለውስ? ልጁ መምጣት እየፈለገ መንቀሳቀስ የማይችልባቸው ሳምንታት እንዳሉ ካላወቅን፣ ጭካኔ ይመስለናል። ጭካኔ ግን አይደለም።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

በአሜሪካ ሰው ዜጋ የሚሆነው የዜግነት ፈተናውን ያለፈ ዕለት አይደለም። ቃለ መሐላውን የፈጸመ ዕለት ነው። ፈተናና መሐላ አንዳንዴ በአንድ ቀን ይውላሉ፤ አንዳንዴ በመካከላቸው ሳምንታት ያልፋሉ። መሐላው ወደሚፈጸምበት አዳራሽ ሲገባ የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያውን፣ ግሪን ካርዱን፣ ያስረክባል። ልብ በሉ፣ ግሪን ካርዱን ያስረክባል። ሲወጣ የዜግነት ሰርተፊኬት በእጁ ይዟል። ፎቶው ያለበት፣ የፈረመበት፣ ያማረ ወረቀት ነው። ይዞት ፎቶ ይነሳል፤ ፎቶውን ለእናቱ ይልካል። እዚህ እልል ይባላል። ተገቢ ነው፣ ዓመታት የተለፋበት ነገር ነው።

በዚያ ወረቀት ግን አውሮፕላን አይሳፈሩም። ሰርተፊኬቱ «ይህ ሰው ዜጋ ነው» ይላል እንጂ ድንበር አያሻግርም። ድንበር የሚያሻግረው ፓስፖርት ነው፤ ፓስፖርቱ ደግሞ ገና አልተጠየቀም።

«ታዲያ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ አለ አይደለም ወይ? ጊዜው መች አለፈ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

አገራችን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 20 እንደሚለው፣ በገዛ ፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ደብዳቤ ጽፎ «ትቻለሁ» ማለት አይጠበቅበትም። መሐላው ራሱ ይበቃል። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የሁለትና የሦስት ዓመት ዕድሜ ቢቀረውም፣ ባለቤቱ ሊጓዝበት አይገባም። በአሜሪካም በኩል ሕጉ አንድ አሜሪካዊ ከአገሩ ሲወጣም ሲገባም በአሜሪካ ፓስፖርት እንዲሆን ያዛል።

እንግዲህ አስቡት። ግሪን ካርዱ ተመልሷል። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ አገልግሎቱ አብቅቷል። የአሜሪካው ገና አልወጣም። ልጃችን በወረቀት ሙሉ ዜጋ ሆኖ ሳለ፣ ለጉዞ ግን ባዶ እጁን ነው።

ስለዚህ ፓስፖርቱ በእጅ ሳይገባ ቲኬት አይቆረጥ። ደግሜ ልበለው፦ ፓስፖርቱ በእጅ ሳይገባ ቲኬት አይቆረጥ።

(አጭር ዝምታ)

ከመሐላው በፊት ያለ ሰውስ? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ።

አንድ የብልባላ ልጅ እንበል። ፈተናውን አልፏል። የመሐላው ጥሪ ደብዳቤ ደርሶታል፤ ቀኑ የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። በዚህ መሐል እናቱ ላሊበላ ሆስፒታል ገቡ። ምን ያድርግ? ምሎ ይምጣ ወይስ መጥቶ ይማል?

እስካልማለ ድረስ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱና ግሪን ካርዱ ይሠራሉ። በእነሱ መጥቶ እናቱን አይቶ መመለስ ይችላል። የመሐላውን ቀን እንዲያዛውሩለት በጥሪ ደብዳቤው መሠረት ምክንያቱን ጽፎ መጠየቅ ይፈቀድለታል። ዝም ብሎ መቅረት ግን አይቻልም። ሳያሳውቅ ደጋግሞ የቀረ ሰው ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ከማለ በኋላ ደግሞ ፓስፖርት መጠበቅ አለበት። እንግዲህ በቤት ውስጥ የታመመ ሽማግሌ ካለ ከመሐላው በፊት መነገር አለበት። «ልጁ እንዳይጨነቅ» ብለን የምንደብቀው ሕመም፣ ሊመጣ የሚችልበትን ጊዜ ያሳልፍበታል። እኔ በበኩሌ ይህን ልማድ ብንተወው እላለሁ። ከልብ ነው የምለው።

(ሙዚቃ፤ ክራር፤ ዝቅ ብሎ ይቀጥልና ይጠፋል)

አሁን ወደ ማመልከቻው እንግባ። ባሕር ማዶ ያላችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

የመጀመሪያ ፓስፖርት የሚጠየቀው በአካል ቀርቦ ነው። የት? ብዙውን ጊዜ ፖስታ ቤት፤ የፓስፖርት ማመልከቻ የሚቀበሉ ፖስታ ቤቶች፣ ቤተ መጻሕፍትና የአካባቢ አስተዳደር ቢሮዎች አሉ። ፎርሙ ዲኤስ 11 ይባላል። ቤት ሞልታችሁት ሂዱ፤ ነገር ግን እንዳትፈርሙበት። የሚቀበለው ሠራተኛ «አሁን ፈርም» ሲል፣ እሱ ፊት ነው የሚፈረመው። ቤቱ ፈርሞ የመጣ ሰው እንደገና ሌላ ፎርም ሙላ ይባላል።

ከፎርሙ ጋር ምን ይሄዳል? ዋናው፣ ኦሪጅናሉ የዜግነት ሰርተፊኬት፤ ከነፎቶ ኮፒው። «ኦሪጅናሉን ሰጥቼ ቢጠፋብኝስ?» ብሎ የማይሰጋ የለም። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ያለ ኦሪጅናሉ አይቀበሉም። ሰርተፊኬቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከፓስፖርቱ ተለይቶ በሌላ ፖስታ ነው የሚደርሰው። ፓስፖርቱ መጥቶ ሰርተፊኬቱ ቢዘገይ ወዲያው አትደንግጡ።

ሌላም ስጋት አለ። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለ ፈቃድ ኮፒ ማድረግ እንደሚያስቀጣ የሚናገር ጽሑፍ አለበት። ያንን አንብቦ ኮፒ ማድረግ የፈራ ሰው ብዙ ነው። ለፓስፖርት ማመልከቻ ኮፒ የሚጠይቀው ግን መንግሥቱ ራሱ ነው፤ ለሕጋዊ ጉዳይ ኮፒ ማድረግ አያስጠይቅም። እንዲያውም በወረቀቱ ላይ ያለውን የሰርተፊኬት ቁጥር ጽፋችሁ፣ አንድ ኮፒም ጨምራችሁ ቤት አስቀምጡ። ኦሪጅናሉ በመንገድ ላይ ሳለ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

መታወቂያም ይጠየቃል፤ መንጃ ፈቃድ ይበቃል፤ የፊቱንም የጀርባውንም ኮፒ ጨምሩ። ፎቶው ነጭ ጀርባ ያለው፣ ያለ መነጽር የተነሳ ይሁን። እናቶች፣ እህቶች፣ ይህን ስሙ፦ ሻሽም ሆነ ነጠላ በራስ ላይ አድርጎ መነሳት አይፈቀድም። በሃይማኖት ምክንያት ዘወትር የምትሸፈን ሴት ግን ይህንኑ ጽፋ ፈርማ ካያያዘች ተሸፍና መነሳት ትችላለች፤ ፊቷ በሙሉ መታየት አለበት። መነኮሳት እናቶቻችን ቆባቸውን አውልቁ የተባሉ መስሏቸው እንዳይጨነቁ ይህን ንገሯቸው።

ክፍያው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ለፓስፖርቱ፣ 130 ዶላር፤ በቼክ ወይም በመኒ ኦርደር የሚከፈል። ሌላው ለተቀባዩ ቢሮ፣ 35 ዶላር። ተመኑ ሊቀየር ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ። የአዋቂ ሰው ፓስፖርት 10 ዓመት ያገለግላል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? በመደበኛው መንገድ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል፤ የፖስታው መመላለሻ ሳይቆጠር። ለልደት ላሊበላ መድረስ የፈለገ ሰው በኅዳር አይጀምርም ማለት ነው። መስከረም ላይ ይጀምር። ታኅሣሥ 29 ቀን በቤተ ማርያም ግቢ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ለማየት የተመኘ፣ በአደይ አበባ ወቅት ፖስታ ቤት ይሂድ።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

አሁን ደግሞ እዚህ ያለነውን በቀጥታ ወደሚነካው እንምጣ። ዲኤስ 11 ላይ የአባትና የእናት ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታና የልደት ቀን የሚጠይቅ ሳጥን አለ። ልጁ እዚያ ሲደርስ እስክሪብቶው ይቆማል። ይደውላል። «እማ፣ አንቺ መቼ ነው የተወለድሽ?» ይላል። እናት ምን ይመልሳሉ? «እኔ ምኑን አውቄ ልጄ! ከ77ቱ ድርቅ በፊት አግብቻለሁ።»

መልሱ ውሸት የለበትም፤ በላስታ ዕድሜ እንዲህ ነው የሚቆጠረው። ፎርሙ ግን ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት አንዴ አገላብጡ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የክርስትና ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የጤና ጣቢያ ካርድ፤ አንዱ ላይ የተጻፈ ይኖራል። በሁሉም ፎርም ላይ የሚጻፈው ቀን አንድ ይሁን። ልጁ ከዚህ በፊት ለኢሚግሬሽን የሰጠው ቀን ካለ ከሱ ጋር መመሳከር አለበት። ዘንድሮ አንድ ቀን፣ ከርሞ ሌላ ቀን መስጠት ነው ጥርጣሬ የሚያመጣው።

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ የፈረንጆቹ ዓመት ከእኛ በ7 ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን በ8። በአንድ ዓመት በ1981 የተወለዱ ሁለት የአጎት ልጆች እንውሰድ። አንዱ በመስቀል፣ መስከረም 17 ተወለደ፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1988 ይሆናል። ሌላው በገና፣ ታኅሣሥ 29 ተወለደ፤ ጃንዋሪ 7 ቀን 1989 ይሆናል። አያችሁ? በእኛ አንድ ዓመት፣ በእነሱ ሁለት። ሁሉንም በ8 ደምሮ የጻፈ ሰው የመስቀሉን ልጅ በአንድ ዓመት ያሳስተዋል።

ስሙስ? የኛ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። እዚያ ደግሞ የመጀመሪያ፣ የመካከልና የመጨረሻ ይባላል። ለምሳሌ ያህል ሰውየው ካሣ፣ አባቱ ሞላ፣ አያቱ በሪሁን ቢባሉ፣ በአንዱ ወረቀት ካሣ ሞላ፣ በሌላው ካሣ በሪሁን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፓስፖርቱ የሚወጣው በሰርተፊኬቱ ስም ነው። ስለዚህ የመሐላው ዕለት፣ ሰርተፊኬቱን እንደተቀበላችሁ፣ አዳራሹን ሳትለቁ አንብቡት። ስም፣ ፊደል በፊደል። የልደት ቀን። የትውልድ አገር። ስሕተት ካለ እዚያው ተናገሩ፤ እዚያው መናገር በኋላ ማመልከቻ ከመጻፍ እጅግ ይቀላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ፓስፖርት ላይ ውጭ አገር የተወለደ ሰው የትውልድ ቦታው በአገር ስም ብቻ ነው የሚጻፈው። ብልባላ ወይም ላሊበላ አይልም። ኢትዮጵያ ነው የሚለው። ዜግነቱ ቢቀየርም ያቺ ቃል ፓስፖርቱ ላይ ትኖራለች፤ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

(የስልክ ጥሪ ድምፅ፤ ሁለት ጊዜ ይጮሃል፤ ይቆማል)

ስልኩ በሌሊት ቢጮህስ? ልጁ ምሏል፣ ፓስፖርቱ አልወጣም፣ አባቱ በጠና ታመዋል። በሩ ሁሉ ተዘግቷል ማለት ነው? አይደለም።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለሞትና ለከባድ ሕመም የተለየ መስመር አለው። ወላጅ፣ ልጅ፣ ባል ወይም ሚስት፣ ወንድም ወይም እህት፣ አያት፣ ከነዚህ አንዱ ከአሜሪካ ውጭ ከሞተ ወይም በሞት አፋፍ ካለ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጓዝ ሰው በስልክ ቀጠሮ ይዞ ፓስፖርት በሚያትመው ቢሮ ራሱ መቅረብ ይችላል። እንዲህ ያለ ቢሮ በዋሽንግተን ዲሲ አለ፤ በሌሎች ትልልቅ ከተሞችም አለ። አጎትና አክስት ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። እኛ ዘንድ አጎት አባት ነው፤ ለእነሱ ሕግ ግን አይደለም፤ ይህን አውቆ መጠበቅ ይሻላል።

ማስረጃውን ማን ይሰጣል? እኛ። የሆስፒታሉ ወይም የሐኪሙ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አርማ ያለበት፣ የተፈረመበት፣ ማኅተም ያረፈበት ይሁን። የታማሚው ስም በትክክል ይጻፍ፤ ሕመሙ ለሕይወት አስጊ መሆኑ በግልጽ ይነገር። በእንግሊዝኛ ካልሆነ መተርጎም አለበት። «ታመዋል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። ሐኪሙን ስትለምኑት «ልጃቸው ባሕር ማዶ ነው፣ ለአሜሪካ ፓስፖርት ቢሮ የሚቀርብ ነው» በሉት፤ ጉዳዩን ካወቀ በዚያው ልክ ይጽፍላችኋል። ከዚያ በስልክ ጥሩ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ አራቱም ጠርዝ ይታይ፣ ማኅተሙ አይደብዝዝ። አባት ካረፉ ደግሞ የሞት የምስክር ወረቀት ነው የሚጠየቀው።

ዝምድናውስ እንዴት ይታወቃል? ቅድም ያልነው የአባት ስም እዚህ ይመጣል። በልጁ ወረቀት ላይ ያለው የአባት ስምና በሐኪሙ ደብዳቤ ላይ ያለው የታማሚ ስም ካልተገጣጠሙ ጥያቄ ይነሳል። በቤት ስም ወይም በክርስትና ስም ሳይሆን በመታወቂያ ስም አስጽፉ።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

ልጆችስ? ወላጁ ዜጋ ሲሆን፣ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ፣ ግሪን ካርድ ይዞ፣ አሜሪካ ውስጥ በዚያ ወላጅ አሳዳጊነት አብሮ የሚኖር ልጅ ያለ መሐላ ዜጋ ይሆናል። ሕጉ በፈረንጆቹ ከ2001 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ብልባላ ከአያቱ ጋር ያለ ልጅ ግን አባቱ ስለማለ ብቻ ዜጋ አይሆንም፤ 18 ሳይሞላው በቋሚ ነዋሪነት ቪዛ ገብቶ ከወላጁ ጋር መኖር አለበት። ዓመቱን የምትቆጥሩ ወላጆች፣ አትዘናጉ።

ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፓስፖርት ሲጠየቅ ሁለቱም ወላጆች መቅረብ አለባቸው። እናት እዚያ፣ አባት እዚህ ከሆነስ? አባት ፈቃዱን በፎርም ሞልቶ፣ ፊርማውን አስረጋግጦ ይልካል፤ የታወቀው መንገድ አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ቀርቦ መፈረም ነው። ፈቃዱ ሦስት ወር ካለፈው አይሠራም፤ ስለዚህ እናት ማመልከቻዋን ሳታሰናዳ አባት ወደ አዲስ አበባ አይነሳ።

ፓስፖርቱ ደረሰ እንበል። እንግዲህ ልጃችን ወደ አገሩ የሚገባው እንደ ውጭ ዜጋ ነው፤ ወይ ቪዛ ያወጣል፣ ወይ ቢጫ ካርድ ይይዛል። ቢጫ ካርድ የምንለው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ነው። የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያና የሥራ ፈቃድ ይኖራል ይሠራል፣ ቤት ይኖረዋል። አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም። ማመልከቻው ኢትዮጵያዊነቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ያ ያገለገለ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አይጓዙበትም ብለናል እንጂ አይጣልም። አስቀምጡት።

«ተመልሼ ኢትዮጵያዊ ልሁን» ያለስ? አዋጅ 378 በሩን አልዘጋም፦ መኖሪያውን እዚህ ካደረገ፣ የያዘውን የውጭ ዜግነት ከተወና ካመለከተ ይመለሳል። የውጭ ሰውም ኢትዮጵያዊ ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ 4 ዓመት እዚህ መኖር፣ ከአገሪቱ ሕዝቦች ቋንቋ በአንዱ መግባባት፣ በቂና ሕጋዊ ገቢ፣ መልካም ጠባይ፣ ከዚያ ቃለ መሐላ። በሁለቱም አገር ቅደም ተከተሉ ያው ነው፦ መጀመሪያ መሐላ፣ ቀጥሎ ፓስፖርት፣ ከዚያ ጉዞ። እና ያልነውን አትርሱ፤ ፓስፖርቱ በእጅ ሳይገባ ቲኬት አይቆረጥ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል)

አድማጮቻችን፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። በዚህ ሳምንት ውስጥ የአባታችሁንና የእናታችሁን ሙሉ ስም በመታወቂያቸው ላይ እንዳለው፣ የልደት ቀናቸውን፣ የተወለዱበትን ቦታ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ባሕር ማዶ ላለው ልጅ ላኩ። መጻፍ የማይችሉ አረጋውያን ካሉ፣ ተማሪዎች ጻፉላቸው። ታማሚ በቤታችሁ ካለ ደግሞ ሳትደብቁ ዛሬውኑ ደውሉ።



(ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ያበቃል)